ቀላድ፣ ካርታና የደን ወሰን

ስለ ኢትዮጵያ ደን የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምረው ከአንድ ቍጥር ነው። ይኸውም ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን ምድር ከመቶው አርባው እጅ ደን ነበር፤ የቀረው ግን ከመቶው ሦስት ወይም አራት እጅ ብቻ ነው የሚለው ነው። ይህ ቍጥር በትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ በሹማምንት ንግግር፣ በጋዜጣ ዐምድና በውጭ አገር ድርጅቶች ሰነድ ላይ ሲመላለስ ስለ ኖረ፣ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አልነበረም። ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅ በ1989 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ የቍጥሩን ዱካ ወደ ኋላ ተከትሎ ቢመረምር፣ አንዱ ጸሐፊ ከሌላው እየቀዳ ያስተላለፈው እንጂ ተለክቶ የተገኘ መሠረት ያለው ሆኖ አላገኘውም።

ነገሩ የቍጥር ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንት ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ደኑን ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያጠፋው ገበሬው ነው ተብሎ ከታመነ፣ ደኑን ለማዳን የሚወጣው ሕግና የሚነሣው ካርታ ገበሬውን ከደኑ የሚያርቅ ይሆናል። ገበሬው ከደኑ ጋር ብዙ ዘመን አብሮ የኖረ፣ አንዱን እየቈረጠ ሌላውን እየጠበቀ ያቈየ ከሆነ ደግሞ፣ ያለ እርሱ ምክር የሚወጣው የመሬት አያያዝ ዕቅድ ከወረቀት አልፎ እንዴት ሊጸና ይችላል? የአገራችን የደን አስተዳደር ታሪክ ብዙው ክፍል የሚገኘው በእነዚህ በሁለት አስተያየቶች መካከል ነው።

ስለ ቀደመው ዘመን ከአፍ ታሪክ ሌላ ሁለት ምስክሮች አሉን። የመጀመሪያው፣ በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ሲጓዝ በየመንገዱ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ናቸው። ሁለተኛው የኢጣልያ ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከአውሮፕላን ያነሣቸው ናቸው። እነዚህ ከ8,000 በሚበልጡ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው፣ በያንዳንዱም ሰሌዳ ላይ አንድ ከላይ ቀጥ ብሎ የተነሣና ሦስት በሰያፍ የተነሡ ሥዕሎች ተደርድረው፣ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ለብዙ ዘመን ተረስተው ኖሩ። ያን ጊዜ የተነሡት ለጦርነት ነበር፤ አርበኞች የተሸሸጉበትን ገደልና ጫካ ለማወቅ የተነሣ ሥዕል ከሰባ ዓመት በላይ ቈይቶ ስለዚያው ጫካ የሚመሰክር ሆነ።

ያን ኒሰን የተባለው የቤልጅግ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ እነዚህን የቀድሞ ሥዕሎች ይዘው በዚያው ሥፍራ ቆመው ዳግመኛ ፎቶግራፍ እያነሡ ሲያመዛዝኑ ያገኙት ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። በሰሜኑ ደጋ ብዙው ተራራ በ1860 ዓ.ም. ገና ያን ጊዜ የተራቈተ ነበር፤ በአያሌ ቦታ ደግሞ ዛሬ ያለው ዛፍና ቍጥቋጦ ከዚያን ጊዜው ይበልጣል። ይህ ማለት ግን ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። በደቡብ ምዕራብ፣ በከፋና በሸካ፣ በኢሉባቦርም፣ ቡናው በዱር የሚበቅልበት ጥቅጥቅ ያለ ደን በእኛው ዘመን እየሳሳ መሄዱ የሚካድ አይደለም። ለመላው አገር አንድ ቍጥር መስጠት ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ከረጢት መጨመር ነው።

እንግዲህ የደን ወሰን ማን ይወስን ነበር? ካርታ ሳይመጣ የነበረው መለኪያ ቀላድ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በሸዋና በደቡብ ብዙ አገር መሬቱ በገመድ እየተለካ በጋሻ ተከፈለ፤ አንድ ጋሻም በዛሬው ልክ አርባ ሄክታር ያህል ነው። የተለካውም መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ በሦስት ደረጃ ይመደብ ነበር። ልብ ብሎ ላየው ሰው በዚህ ምደባ ውስጥ «ደን» የሚባል ስም የለም። ማር የሚቈረጥበት፣ ከብት በበጋ የሚሸሽበት፣ ለሞፈርና ለቀንበር እንጨት የሚወጣበት፣ መድኀኒት የሚነቀልበት ዱር፣ ካልታረሰና ሰው ካልሰፈረበት ጠፍ ነው። ጠፍ መሬት ደግሞ ግብሩ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ለግምጃ ቤት አይጠቅምም፤ ምንጣሮ ገብቶበት ለም ሲሆን ግን ከፍ ያለ ግብር ይከፍላል። ቀላድ ጣዩ ክፋት አስቦ ያደረገው አይደለም። ይሁን እንጂ በኋላ የመጡት ካርታዎች ብዙዎቹ ይህንኑ የቀላዱን ዐይን ወርሰዋል።

ስለ መናገሻ ጫካ የሚነገረው ከዚህ የተለየ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የጥድ ደን፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ በሰነድ ሊረጋገጥ ቢችልም ባይችልም፣ ይህ ደን በነገሥታቱ ጥበቃ ሥር ለብዙ ዘመን መቈየቱ በግልጥ የሚታይ ነው። በአንጻሩ በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋን አራቈተች። የማገዶው ነገር እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ ዓመታት የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ባይደርስላት ኖሮ፣ ዋና ከተማችን ዛሬ ሌላ ሥፍራ በሆነች ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ በዚያን ዘመን የዛፍ ነገር የቤተ መንግሥት ጕዳይ እንደ ነበረ ነው፤ ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ከግብር ምሕረት ያገኝ ነበርና ሕዝቡም በፈቃዱ ተከለ።

በሕግ ስለ ደን ሰፋ ያለ ነገር የተደነገገው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሦስት አዋጆች፣ ማለት 225፣ 226 እና 227 ቍጥር የተሰጣቸው፣ አከታትለው ወጡ፤ የመጀመሪያው ስለ መንግሥት ደን፣ ሁለተኛው ስለ ግል ደን፣ ሦስተኛው አፈርንና ውሃን ለመጠበቅ ስለሚከለል ደን ነበር። አዋጆቹ በጊዜያቸው በጥንቃቄ የተጻፉ ነበሩ። የጐደላቸው ወሰን ነው። የመንግሥቱ ደን ከየት እስከ የት፣ የባላባቱስ ከወዴት እስከ ወዴት እንደ ሆነ የሚያሳይ ምልክት በምድር ላይ ሳይተከል፣ ለዚህም የሚበቃ ቀያሽ ሳይገኝ፣ የ1966 ዓ.ም. ለውጥ ደረሰ። በእነዚህ አዋጆች ጭሰኛው የሚጠቀስበት ምዕራፍ መፈለግም ከንቱ ድካም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ታላላቆቹ ደኖች በመንግሥት እጅ ገቡ። ቀጥሎም 58 የሚሆኑ ደኖች ተመርጠው ቅድሚያ የሚሰጣቸው የአገር ደኖች ተባሉ፤ መናገሻ ሱባ፣ ጭልሞ ጋጂ፣ በለጠ ጌራ፣ ቦንጋ፣ አዳባ ዶዶላ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በዚህ ጊዜ ካርታ ነበረ። በካርታው ላይ የተሰመረው መስመር ግን ብዙ ጊዜ ሰው የሚኖርበትን መንደር፣ እርሻውንና የመቃብር ሥፍራውን ጭምር ዐጥሮ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ያ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ በአያቱ ቀዬ ላይ ሕገ ወጥ ሰፋሪ ተባለ። ጫካውም «የመንግሥት ጫካ» ተባለ። በአማርኛ «የመንግሥት ነው» የሚለው አነጋገር ሁለት ትርጕም እንዳለው አንባቢ ያውቃል፤ የሁላችን ነው ማለትም፣ የማንም አይደለም ማለትም ሊሆን ይችላል። የትኛው ትርጕም እንደ በረታ በ1983 ዓ.ም. ታየ። መንግሥት ሲለወጥ ዘበኛው ከቦታው በጠፋባቸው ጥቂት ወራት ውስጥ፣ በብዙ አገር የተተከለውም የተፈጥሮውም ደን በምሳር ወደቀ። ጫካውን የቈረጡት ጠላቶች አልነበሩም፤ ጎረቤቶቹ ነበሩ።

ይህ በሆነበት አገር ውስጥ ግን ካርታ ሳይኖራቸው ወሰናቸውን ያጸኑ ነበሩ። በመንዝ የጓሳ ምድር ምንም እንኳ ሣርና አስታ እንጂ ረዣዥም ዛፍ ባይኖረው፣ ነገሩ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው። ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ይህን ደጋ የመንዝ ሰዎች ከአሥራ ሰባተኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዐት ይጠብቁት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት የሚፈለግ ነው። ሽማግሌዎቹ በመከሩበት ጊዜ ምድሩ ለሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማጭድም ከብትም አይገባበትም፤ የሚከፈትበትም ቀን ለሕዝቡ በይፋ ይነገራል። ሥርዐቱ በርስት ላይ የቆመ ስለ ነበረ በ1967 ዓ.ም. ከርስቱ ጋር ፈረሰ፤ ጓሳም ለሁሉ ክፍት ሆኖ ተጐዳ። የመንዝ ሰዎች ግን አሳቡን አልጣሉትም፤ በሌላ ስምና በአዲስ ማኅበር አንሥተው፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በሕግ እንዲታወቅ አደረጉ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ በዚያ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ቄሮን እንደ ገነት ሥርዐት አድርጎ ማቅረብ ግን ስሕተት ይሆናል። መብቱ የትውልድ ሐረግ ቈጥሮ ለሚያስረዳ ሰው እንጂ ለመጤውና ለመሬት አልባው አልነበረም። ወሰን የሚያውቅ ማኅበር ወሰን የሚያወጣው ሰውም አለው።

ካርታውና መንደሩ በቅርብ የተገናኙበትን ሥራ ለማየት ወደ ባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ጥግ፣ ወደ አዳባና ዶዶላ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ያሉት ኦሮሞዎች ገብስ የሚዘሩ፣ ከብትና ፈረስ የሚያረቡ፣ ብዙዎቹም በጥዱና በኮሶው መካከል ቤት ሠርተው የሚኖሩ ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀርመን መንግሥት የቴክኒክ ርዳታ የተጀመረው የደን ሥራ፣ እነዚህን ሰዎች ከደኑ ለማስወጣት ከማሰብ ይልቅ ሌላ ጥያቄ አነሣ። ይኸውም፣ ደኑን ዘወትር የሚያየው በውስጡ የሚያድረው ሰው ከሆነ፣ ጠባቂው ለምን ሌላ ሰው ይሆናል? የሚል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ደኑን ሳያመናምን ማገዶውን፣ የቤት እንጨቱንና ለገበያ የሚያወጣውን ጥቂት ግንድ የሚያገኝበት ስፋት ተሰልቶ 12 ሄክታር ሆነ። እርስ በርሱ የሚተዋወቅና ተቈጣጥሮ ሊኖር የሚችል ማኅበር ደግሞ ከ30 ቤተ ሰብ መብለጥ የለበትም ተባለ። ሠላሳው በዐሥራ ሁለት ሲባዛ 360 ሄክታር ይመጣል፤ አንድ የደን ክፍልም ከዚህ እንዳይበልጥ ተደረገ። የደን ባለሙያዎችና ነዋሪዎች አብረው በእግር እየዞሩ ወንዙን፣ ሸንተረሩንና የታወቀውን ዛፍ ምልክት እያደረጉ ክፍሉን ለዩ፤ በኋላም በካርታ ላይ ሰፈረ። ከዚያም ውል ተፈራረሙ። ነዋሪው በደኑ ለመኖርና ለመጠቀም መብት ያገኛል፤ በአንጻሩ የዛፉ ሽፋን እንዳይቀንስ፣ አዲስ ሰፋሪም እንዳይገባ ይጠብቃል፤ በየዓመቱም ኪራይ ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹ ውሎች የተፈረሙት በ1992 ዓ.ም. ገደማ ነበር።

ማኅበሩ በኦሮምኛ «ዋልዳ ጂራቶታ ቦሶና» ይባላል፤ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ስሙ በአጭሩ «ዋጂብ» ሲሆን፣ ይህ ቃል በዐረብኛ «ግዴታ» ማለት ስለ ሆነ፣ ብዙው ሰው እስላም በሆነበት አገር ጆሮ የሚገባ ስም ሆኖ ተገኝቷል።

በእኔ አስተያየት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው 360 የሚለው ቍጥር አይደለም፤ በእግር መዞሩ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተሰመረ መስመር ሲጣስ ሰው የሚያየው መንግሥት መበደሉን ነው፤ አብሮ ዞሮ ያመለከተው ዛፍ ሲቈረጥ ግን የሚያየው ጎረቤቱን ነው። ይሁን እንጂ ስሌቱ አንድ ጥያቄ አብሮ ይዞ ይመጣል። ሠላሳ ቤተ ሰብ ሠላሳ ሆኖ አይኖርም፤ ልጆች ያድጋሉ፣ ያገባሉ፣ ጎጆ ይወጣሉ። ሠላሳ አንደኛው ጎጆ የት ይቀለሳል? ከደኑ ውጭ በሚገኙት መንደሮች ኖረው ከጥንት ጀምሮ ጨው አልባውን ከብታቸውን ወደ ጫካው ሆራ የሚነዱትስ ስማቸው በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ወሰኑ በምክር የተሰመረ ቢሆንም እንኳ፣ ከመስመሩ ወዲያ የቀረው ደን ያለ ጠባቂ ከቀረ ምሳሩ ወደዚያ ይዞራል። ስለዚህም ተመሳሳይ ማኅበራት በጭልሞ፣ በቦንጋና በበለጠ ጌራ በቆሙ ጊዜ፣ የዕቅዱ አስቸጋሪ ክፍል ዛፍ መቍጠር ሳይሆን ባለ መብትን መቍጠር ሆኗል።

ካርታን ራሱን ለመንደሩ ሰው እጅ የመስጠት ሙከራም ተደርጓል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታ አካባቢ፣ ተሌቾ በሚባል ሥፍራ፣ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሜልካ የተባለው ኢትዮጵያዊ ማኅበር ከአገሬው ሰዎች ጋር ሆኖ የአካባቢውን ተራራና ሸለቆ በትንሹ አምሳያ አሠራ። የዚህ ዐይነቱ ሥራ ዘዴ ቀላል ነው። በካርታ ላይ ያለው የከፍታ መስመር ሁሉ በካርቶን ላይ ተገልብጦ ይቈረጣል፤ ካርቶኑ አንዱ በሌላው ላይ ሲለጠፍ ተራራው ከጠረጴዛው ላይ ይነሣል። ከዚህ በኋላ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዙሪያውን ቆመው የሚያውቁትን ያኖሩበታል፤ ወንዙና መንገዱ በክር፣ ቤቱ በመርፌ፣ ጫካውና እርሻው በቀለም ይገለጣል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ከቀያሹ እኩል የሚናገርበት ካርታ ይህ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወጣቶቹም ዛሬ የደረቀውን ምንጭ ስሙን ይሰማሉ፤ በዚህ ጥድ ነበር፣ በዚያ ወይራ ነበር ሲባል ያያሉ። የአውሮፕላን ፎቶግራፍ የተራራውን መራቈት ያሳያል፤ የተራቈተበትን ዘመንና ምክንያት የሚናገር ግን አያት ነው።

በዚሁ ዘመን በዋናው ከተማ ሌላ ዐይነት ወሰን እየተሰመረ ነበር፤ ይኸውም የቃል ወሰን ነው። ደን ማለት ምን ማለት ነው? የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ አምስት ሜትር ቁመትና ከመቶ ዐሥር እጅ የቅጠል ጥላ ያለውን ደን ይለዋል። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. የራሷን ፍቺ ስትወስን ስፋቱን በዚያው ትታ፣ ቁመቱን ወደ ሁለት ሜትር አውርዳ፣ ጥላውን ወደ ከመቶ ሃያ እጅ አወጣች፤ ቀርከሃንም ጨመረች። በዚህ ፍቺ መሠረት በቈላ ያለው ዝቅተኛ ዱር ሁሉ ስለ ተቈጠረ፣ በ2008 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት በቀረበው ሰነድ የአገሪቱ ደን ከመቶው 15.5 እጅ ሆኖ ተገኘ። ከሦስት ወደ ዐሥራ አምስት የደረሰው በተተከለ ችግኝ ሳይሆን በብዕር ነው። አዲሱ ፍቺ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የቈላው ዱር ዕጣንና ሙጫ የሚለቀምበት፣ ከሰል የሚከሰልበት፣ ቀድሞ ማንም የማይቈጥረው ጠፍ ነበር፤ በመቈጠሩ ጠባቂ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን የተቈጠረ ዱር የተከለለ ዱር ሊሆን ይችላልና፣ የቈላው አርብቶ አደር ግራሩ ደን መባሉን ከማን አፍ እንደሚሰማ ትልቅ ነገር ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው 1065 ቍጥር የደን አዋጅ፣ ቀድሞ የመንግሥትና የግል ብቻ ሲባል የነበረውን አስፍቶ የማኅበረሰብ ደንንና በማኅበር የሚያዝ ደንን በባለቤትነት ዐወቀ። በ1957 ዓ.ም. ያልተጠቀሰው ሰው እነሆ ከአምሳ ዓመት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ በአዋጅ ተጠቀሰ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው በየወረዳው የሚደረገው የወሰን ዙረት ነው፤ ይህም ሥራ ቀያሽ፣ ገንዘብና ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚፈጅ ነው። አንዱን ጫካ በትክክል ለመዞር የበጋ ወራት አይበቃም፤ በሁለት መንደሮች መካከል ያደረ ጠብ ካለማ የሁለት በጋም አይበቃም።

በምክሩ ላይ ስለሚገኘው «ማኅበረሰብ» አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ከእንጦጦ ጋራ በየማለዳው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት ሴቶች ለብዙ ዘመን የከተማዋን ምጣድ ያሞቁ ናቸው። የሚለቅሙበት ባሕር ዛፍ የአንዱ ማኅበር አይደለም፤ ቤታቸውም በጫካው ውስጥ አይደለም። በተሌቾው ዐይነት አምሳያ ላይ ቤታቸውን በመርፌ፣ መንገዳቸውን በክር ማሳየት ይቻላል፤ የመብታቸው ቀለም ግን በመግለጫው ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም። የጫካ ዘበኛ ያውቃቸዋል፤ የሚያውቃቸው ግን እንደ ጥሰተኛ ነው። የደን ዕቅድ ሲወጣ ሕዝቡ ለምክር የሚጠራው ብዙውን ጊዜ በቀን፣ ከረፋዱ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት እነርሱ ጭነታቸውን እንደ ተሸከሙ በቍልቍለቱ ላይ ናቸው።